ለሬይ ለመመስከር ኦክላንድ ድረስ

ከደብረ ብርሃን አሜሪካ ድረስ የሄድኩት ለዓይን ሕክምና መሆኑ መውጫ ቪዛዬ ላይ ተጽፏል። ወረቀቱ አልዋሸም፤ ግራ ዓይኔን ሞራ ጋርዶት ነበር። ለዓይኔ ብቻ ቢሆን ግን በሃምሳ አራት ዓመቴ፣ ያውም በሁዳዴ፣ በሰማይ ላይ አልንከራተትም ነበር። የሄድኩት ለአንድ ሰው ልመሰክር ነው። መስክሬ፣ አሸንፌ ተመልሻለሁ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አብረን ፀሐይ የምንሞቀው የኮሪያ ዘማቾች "እስቲ ከመጀመሪያው አውራልን" እያላችሁ ጉሮሮዬን ስላደረቃችሁት፣ ይኸው በደብተር ጽፌላችኋለሁ። ከእንግዲህ የምትጠይቁኝ ካለ ደብተሩን እሰጠዋለሁ እንጂ አልናገርም።

ነገሩ የተጀመረው በጥር ነው። ልጄ ስንዱ ኦክላንድ ትኖራለች፤ ሳን ሆዜ በሚባል ከተማ ባለ ክሊኒክ ደግሞ የነርስ ረዳት ናት። አንድ ቀን ስልክ ቤት አስጠራችኝና፣ "አባባ፣ ኮሪያ ሳሉ ፈረንጅ ተሸክሞዎት ያውቃል?" አለችኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። "ማን ነገረሽ?" አልኳት።

ወደ ክሊኒኩ ለሳንባው የሚመላለስ ሬይ የሚባል አውስትራሊያዊ ሽማግሌ አለ አለችኝ። በወጣትነቱ ኮሪያ ውስጥ እግረኛ ወታደር ነበር። ኢትዮጵያዊት መሆኗን ሲሰማ፣ "ከእናንተ አንዱን በጀርባዬ ተሸክሜ ነበር፤ ማንም አላመነኝም" አላት። ኮረብታውን ነገራት፣ ቁስሉ ቀኝ ጭን ላይ እንደነበር ነገራት። ልጄ ያንን ጠባሳ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች።

እናንተ የምታውቁት ሌላ ነው። "ሊሸና ወጥቶ የተመታው በላቸው" እያላችሁ ሠላሳ አራት ዓመት ስቃችሁብኛል። ሽንቱ ውሸት ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው፤ የእኔ ዝምታ ግን ሰው አገር ሄዶ ነቅዟል። ሬይ የተሸከመኝ የጥበቃ ቦታውን ትቶ ስለነበር፣ ፈርቶ የሸሸ ተብሎ ተቀጣ። አውስትራሊያውያን በየዓመቱ በሚያዝያ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ሙታናቸውን ተሰልፈው ያስባሉ። ሬይ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ከጓደኞቹ መካከል አልቆመም። "ለዘንድሮው ሦስት ወር ቀርቶታል አባባ" አለችኝ ስንዱ። ከስልክ ቤቱ ወጥቼ በቀጥታ መውጫ ቪዛ ልጠይቅ ሄድኩ።

የመጀመሪያው ቀን

ቀኑ አንድ ይሁን ሁለት እኔ አላውቅም፤ ፀሐይዋ ከኛ ጋር ስለምትሄድ አልመሽ አለ። አውሮፕላኑ ውስጥ አስተናጋጇ ሥጋ አመጣችልኝ፤ መለስኩ። ዓሣ አመጣች፤ መለስኩ። እንቁላል አመጣች። ሦስተኛውን ስመልስባት የታመምኩ መስሏት ከተሳፋሪው መካከል ሐኪም ጠራችልኝ። ሐኪሙ ምላሴን አየ፣ ክንዴን ያዘ፣ አንድ ነገር ነግሯት ሄደ። ከዚያ በኋላ እስክንወርድ ድረስ ዳቦና ብርቱካን በየሰዓቱ ታቀብለኝ ጀመር። የራሷ አባት ብሆን እንዲህ አታደርግልኝም።

ሳን ፍራንሲስኮ ስንወርድ ስንዱ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ካሊፎርኒያ ሞቃት ነው ብለውኝ ስስ ሙሉ ልብስ ለብሼ ነበር የሄድኩት። ሞቃት ያለኝን ሰው ባገኘው! ወደ ኦክላንድ የሚያሻግረው ድልድይ ከገበያችን ተነስቶ ጠባሴን አልፎ የሚሄድ ያህል ይረዝማል፤ በላዩ ደግሞ የጣርማ በር ጉም የመሰለ ጉም ተኝቶበታል። ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ስንዱ ሻንጣዬን ከፍታ ለሬይ በስጦታ የያዝኩትን የመንዝ ባና አለበሰችኝ። እንዲህ ሆኜ፣ የሰው ስጦታ ተከናንቤ፣ አሜሪካ ገባሁ።

ሁለተኛው ቀን

በማግስቱ ሻምበል አድማሱን ልጠይቅ ሄድኩ። በዚያ ዘመን የኛ መቶ አዛዥ፣ አፍላ መኮንን ነበሩ። አሁን ኦክላንድ መሀል ከተማ፣ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ መግቢያ ላይ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ቲኬት ይሰጣሉ። ሳያቸው መኪና መግቢያው መሀል ላይ እግሬን ገጥሜ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠሁ። ከኋላዬ የነበረው መኪና ጥሩምባውን ለቀቀው። ሻምበል ከሣጥናቸው ወጥተው አቀፉኝ፤ መኪናው ይንፋ ብለን ተሳሳምን።

በምሳ ዕረፍታቸው የጾም ሽሯቸውን ለሁለት ከፍለው አቀረቡልኝ። በልተን ስንጨርስ፣ "ጌታዬ፣ የመጣሁት ስለዚያች ሌሊት ነው" አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ።

ያችን ሌሊት ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሃያ ሆነን ለቅኝት ወጣን። ተኩስ ገጠመን፤ አንድ ሰው ሞተብን። ሬሳም ሆነ ቁስለኛ ጥሎ መምጣት በኛ ዘንድ ነውር ነውና ሬሳውን ሁለት ልጆች ተሸከሙት፣ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ሻምበል በሽቦው መግቢያ ቆመው በጨለማ የያንዳንዱን ትከሻ እየዳሰሱ ቆጠሩ። ፊተኛው ተሸካሚ "ሁለት ነን" አለ፤ ራሱንና ሟቹን ማለቱ ነው። ኋለኛውም "ሁለት ነን" አለ። ቆጠራው ሃያ ሞላ። እኔ ግን ጭኔን ተመትቼ ገደል ውስጥ ቀርቼ ነበር። ሌላ ጦር ሬሳን ከሰው አይቆጥርም፤ እኛ ሁለት ጊዜ ቆጠርነው።

ሲነጋ እኔ ከሽቦአችን ሥር ተገኘሁ። ሻምበል ግን "ሃያ ወጥተን ሃያ ገባን" ብለው አስቀድመው ሪፖርት አድርገዋል። ሐኪም ቤት መጥተው ሲጠይቁኝ፣ አዛዤንና ጦሬን አላዋርድም ብዬ፣ "ከተቆጠርኩ በኋላ ልሸና ወጥቼ ተመታሁ" አልኩ። ሃያ ዓመቴ ነበር።

"የተሸከመኝ አውስትራሊያዊ በኛ ምክንያት ስሙ ጠፍቷል፤ ከሦስት ቀን በኋላ ጓደኞቹ እዚሁ ኮረብታው መናፈሻ ላይ ሲሰለፉ እንመስክርለት" አልኳቸው።

ሻምበል የሽሮውን ዕቃ ክዳን ገጠሙት፣ ከፈቱት፣ ገጠሙት። "በላቸው፣ እዚህ አገር ምን አለኝ? ማኔጀሬ የልጄ እኩያ ነው፤ 'አዲ' ብሎ ነው የሚጠራኝ። ሥራ ስትጠይቅ ሪዙሜ ላይ ሻምበል ብለህ ብትጽፍ ማን ይገባዋል? ያለችኝ ያቺ ሌሊት ናት። ልጆቼን ያሳደግኩባት እሷ ናት።"

"ያኔ አውስትራሊያውያኑ በስልክ ጠይቀውዎት ነበር?"

"ጠይቀውኛል። 'የጎደለ ወታደር አለህ?' አሉኝ። 'የለኝም' አልኩ፤ የቆጠርኩትን ነው የተናገርኩት። ኋላ ሁለቱ ተሸካሚዎች ያሉትን ሲነግሩኝ ገባኝ። ሪፖርቱ ግን ሄዶ ነበር።" ሰዓታቸውን አዩ። "ብሬኬ አለቀ። ኮል አደርግልሃለሁ።"

ተናድጄ ወጣሁ። ከሁለት ብሎክ በኋላ ግን ንዴቴ በረደ። እኔስ ሠላሳ አራት ዓመት ምን ሳደርግ ነበር?

ሦስተኛው ቀን

ወደ ሳን ሆዜ በስንዱ አሮጌ መኪና ሄድን። መንገዱ ባንድ በኩል አምስት መስመር አለው፤ ሁሉም ይሮጣል፤ የሚሸጥ በግ ይዞ ዳር የቆመ ሰው አንድም የለም። ሚልፒታስ የሚባለው ጋ ስንደርስ መኪናችን እንፋሎት ለቀቀ። ዳር ይዘን፣ እኔ "ውኃ ጨምሪበት" ስል፣ እሷ "አባባ፣ ኦቨርሂት ሲያደርግ አይከፈትም!" ስትል፣ አንድ ታክሲ አልፎን ሄዶ ወደ ኋላ ተመለሰ።

"በአማርኛ የሚጣላ ሰው አይቼ ዝም ብዬ ልለፍ?" አለ ሾፌሩ መስታወቱን አውርዶ። ሰይድ ይባላል፣ የከሚሴ ልጅ ነው። "ጋሼ፣ ይግቡ። መኪናዋን በጎታች መኪና ቶው እናስደርጋታለን።"

ለሬይ የቀጠርነው ለከሰዓት ስለነበር ቤቱ ወሰደን። ከአንድ ቤንዚን ማደያ ለሚስቱ ደውሎላት ስለነበር፣ ስንደርስ ምስርና ጎመን በዘይት ተሠርቶ ይጠብቀናል። ባለቤቱ በሩ ላይ፣ "አዲስ ድስት ነው የሠራሁበት፤ ሥጋ ነክቶት አያውቅም፤ ሳይሳቀቁ ይብሉ" አለችኝ። እኔ እዚህ አገሬ ላይ ለሙስሊም ጎረቤቴ እንዲህ ተጠንቅቄለት አውቃለሁ ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። መልሱን ለራሴ ይዤዋለሁ።

ከምሳ በኋላ ሰይድ ራሱ ሬይ ቤት አደረሰን። የኮምፒዩተር ፋብሪካ የተደረደረበትን ሜዳ እያሳየኝ፣ "ይኼ ሁሉ የፍራፍሬ ዛፍ ነበር ጋሼ" አለኝ። ሬይም ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካዊት አግብቶ እዚህ ሲመጣ፣ ያንኑ ፍራፍሬ በቆርቆሮ የሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቶ ነው ጡረታ የወጣው።

በሩን የከፈተልን ረጅም፣ ቀጭን፣ ከዘራ የያዘ ሰው ነው። ፊቱን አላወቅኩትም። ሊያስገባን ዞር ሲል ግን ያ ሰፊ ጀርባ፣ ያ ወደ ግራ ዘንበል ያለ ትከሻ! በዚያ ጀርባ ላይ ነው ግማሽ ሌሊት የተጓዝኩት። እዚያው በረንዳው ላይ ጉልበቱን ልስም ወደቅኩ። የተሰናከልኩ መስሎት ከዘራውን ጥሎ በሁለት እጁ ብድግ አደረገኝ። ስንዱ እየሳቀችም እያለቀሰችም፣ "ሁለተኛ አነሳዎት" አለችኝ።

ስለ ዘመቻው ጠየቅኩት። ወሬው አጭር ነው፤ እንደኛ አይደሉም፤ ስለራሳቸው ሲያወሩ ያፍራሉ። አባቱ በግ ሸላች፣ እሱም በግ ሸላች ነበር። በፈቃዱ ዘመተ። "ጦርነት ማለት መቆፈር ነው" አለኝ። "ቆፈርኩ፣ ጠበቅኩ፣ በረደኝ። በቆርቆሮ ሻይ አፈላሁ፤ እስካነሳው በረዶ ይሆናል። እንደገና ቆፈርኩ። ጀግና አይደለሁም።"

በዚያች ሌሊት ከምሽጋቸው ወደፊት ወጣ ብሎ ብቻውን ለጥበቃ ተቀምጦ ነበር። በዚያ ሰሞን ጦሮቹ ቦታ ሲቀያየሩ አውስትራሊያውያኑ ለአጭር ጊዜ ጎረቤቶቻችን ነበሩ። ከገደሉ ውስጥ ድምፅ ሰማ። "የሚያለቅስ ሰው ቢሆን ወጥመድ ነው ብዬ እተወው ነበር" አለ። "ሰውየው ግን ተቆጥቶ ነበር። ተሸክሜው ስሄድም እንደተቆጣ ነው። መንገዱን ሙሉ የሚሰድበኝ መስሎኝ ነበር።"

"ስድብ አይደለም፣ ፉከራ ነው!" አልኩ። "እንቅልፍ ወስዶኝ እንዳልሞት ነው የፎከርኩት።"

ስንዱ ስትተረጉምለት እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

የይለፍ ቃላችንን ስለማያውቅ ወደ ምሽጋችን መጠጋት አልቻለም። ከሽቦው ሥር አጋድሞኝ፣ ሽቦው ላይ የተንጠለጠለውን ቆርቆሮ በድንጋይ መታና በሆዱ እየተሳበ ተመለሰ። የኛ ዘብ ድምፁን ሰምቶ ተኮሰበት። ሲደርስ ቦታው ላይ አለመኖሩ ታውቋል። የሆነውን ነገራቸው። ወደኛ ደወሉ። "የጎደለ የለም" ተባሉ። ምክትል አስር አለቃ ነበር፤ ተራ ወታደር አድርገው የማዕረግ ሰረዙን ከክንዱ ቀደዱት።

"ከነገ ወዲያ በሰልፉ ላይ ቆሜ እናገርልሃለሁ" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። "የሰልፉ መሪ ያኔ ከኔ ጋር በአንድ ሻምበል ጦር ውስጥ ነበር። ጥሩ ሰው ነው። ግን 'የለም' ያለው መኮንን ነው፤ መኮንኑ ካልሻረው ያንተን ቃል የወዳጅ ቃል ያደርጉታል።"

ነገሩ ሁሉ ዞሮ ሻምበል አድማሱ ላይ ወደቀ። ስጦታዬን አውጥቼ ሰጠሁት። ባናውን ዳሰሰ፣ ጠጉሩን በጣቶቹ ፈተለው፣ አሸተተው። "ደህና በግ ነው። የሸለተው ሰው ግን መታሰር አለበት" አለ። መንዝን ማንም እንዲህ ደፍሯት አያውቅም፤ ግን ለእሱ ይቅር አልኩት።

አራተኛው ቀን

ሻምበል ቤት ስንዱ አምስት ጊዜ ደወለች፤ አይነሳም። የመስታወቱ ሣጥን ጋ ብሄድ ሌላ ሰው ተቀምጦበታል፤ "ኮል ሲክ አድርጓል" ብላ ስንዱ ተረጎመችልኝ፤ አሞኛል ብለው ቀርተዋል ማለት ነው። ቀኑን በእግሬ ስዞር ዋልኩ። በዚያ ከተማ ሐይቅ አለ፤ ዳክዬ ሞልቶበታል፤ ሰው ዳክዬውን ይቀልባል እንጂ አይበላም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይኼ ራሱ አንድ ገጽ ይወጣው ነበር።

ማታ ስንዱ፣ "አባባ፣ ብቻዎን ቢናገሩ ያፍራሉ፣ ይቅርብዎት" አለችኝ። "ሠላሳ አራት ዓመት ያፈረ ሰው አለ፤ እኔ አንድ ጠዋት ባፍር አልሞትም" አልኳት። አልኩ እንጂ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አምስተኛው ቀን

ሰልፉ ከኦክላንድ ከተማ በላይ ባለው ኮረብታ መናፈሻ ላይ ነው። ጉም ነበር። ሠላሳ የሚሆኑ ሽማግሌዎች ሜዳሊያቸውን ደርድረው ቆመዋል። ሬይ ከሚስቱ ጋር መጥቷል፤ ግን ከመኪናው አልወረደም፤ በመስታወቱ ውስጥ ይታየኛል።

ከመጀመራቸው በፊት ስንዱን ይዤ ወደ መሪው ሄድኩ፤ ቀይ፣ ደልዳላ ሰው ነው። ሁሉንም ነገርኩት። ባርኔጣውን አውልቆ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ፣ "ጌታዬ፣ ቃልዎን አከብራለሁ" አለ። "ግን ያን ጠዋት የናንተ መኮንን 'የጎደለ የለም' ሲል እኛ ስልኩ አጠገብ ነበርን። ማንን ልመን?"

ስንዱ እጄን ያዘች።

"እኔን እመን" የሚል የእንግሊዝኛ ድምፅ ከኋላችን መጣ።

ሻምበል አድማሱ ናቸው! የመኪና ማቆሚያውን ሰማያዊ የሥራ ጃኬት ለብሰው፣ በላዩ ላይ የኮሪያ ሜዳሊያዎቻቸውን ደርድረው፣ ደረታቸውን ነፍተው በሣሩ ላይ ይመጣሉ። ሰዎቹ ሁሉ ዞሩ። ሻምበል ከመሪው ፊት እግራቸውን ገጥመው ቆሙ። የተናገሩትን ስንዱ በጆሮዬ ተረጎመችልኝ፦

"ስልኩን ያነሳሁት መኮንን እኔ ነኝ። በጨለማ አንድ ሟች ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፤ አንድ በሕይወት ያለ ሰው ጣልኩ። ስሕተቴን በዚያው ቀን አውቄያለሁ፤ ክብሬን ብዬ ዝም አልኩ። ያ የተጣለው ሰው ይኸው። ያመጣው የእናንተ ወታደር ነው። ክብሩ የሱ ነበር፤ ይዤበት ኖሬአለሁ።"

ወዳጆቼ፣ ኮሪያ ውስጥ ብዙ ጀግንነት አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ግን አላየሁም።

እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም። በኛ አገር የሰው ሥራ በፊቱ ካልተጠራለት እንዳልሠራ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ግን መጥራቱን አያውቁበትም። ከዘራዬን ወደ ላይ አነሳሁና በሬይ መኪና ትይዩ ፎከርኩለት፦

"አካኪ ዘራፍ!
የሰው አገር ልጅ፣ ሰው የማይረሳ፣
በጥይት መካከል ወንድሙን ያነሳ!
ቦታውን ጣለ እንጂ መቼ ሰው ጣለና፣
ምስክሩ መጣ ባሕር ተሻገረና!"

ወዲያ ብዬ ወዲህ ስል ሣሩ በጤዛ ርሶ ስለነበር ልወድቅ ነበር፤ ሻምበል በቀበቶዬ ያዙኝ። ስንዱ ግጥሙን እያለቀሰች ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አጨበጨበ፤ ከዚያ ሁሉም።

መሪው ወደ መኪናው ሄዶ በሩን ከፈተ። ረጅም ንግግር ያደርጋል ብዬ ጠብቄ ነበር። "ዘግይተሃል ሬይ። ግባ ወደ ሰልፍ" ብቻ አለው።

ሬይ ወረደ። ከዘራውን ለሚስቱ ሰጣት። ሁለት ሽማግሌዎች በመካከላቸው ቦታ ለቀቁለት፤ ትከሻው ወደ ግራ እንደዘመመ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጥሩምባ ተነፋ፤ ሙታን ታሰቡ። ለኛም ሟች፣ ሁለት ጊዜ ለተቆጠረው ልጅ፣ በሆዴ ነፍስ ይማር አልኩለት። እኔና ሻምበል ከዳር ቆመን እጃችንን ግንባራችን ላይ እንዳደረግን ነጋ።

ካለቀ በኋላ ሻይና ብስኩት መጣ። ብስኩቱ ቅቤ አለበት ብትለኝ ስንዱ ሻይዬን ብቻ ጠጣሁ። ሻምበልን ሰው ሁሉ በየተራ ሲጨብጣቸው፣ "ቀለለኝ በላቸው" አሉኝ፤ "ሺፍቴ ሊጀምር ነው" ብለውም ሜዳሊያቸውን ሳያወልቁ ወደ ሥራቸው ሄዱ። ያን ቀን ማንም 'አዲ' ብሎ የሚጠራቸው አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው የኔ ነገር ሐኪም ቤትና የዓይን ጠብታ ነው፤ እሱን ከማንም ታማሚ ትሰማላችሁ። ግን ከመበተናችን በፊት ጠረጴዛ ላይ ትልቅ መዝገብ ነበር፤ የተገኘው ሁሉ ስሙንና የጦር ሜዳ ማዕረጉን ይጽፍበታል። ተራው ሲደርስ ሬይ ጎንበስ ብሎ ስሙን ጻፈ፤ በማዕረጉ ቦታ ላይ "ተራ ወታደር" ብሎ ጻፈ። መሪው አየው። እስክሪብቶውን ከእጁ ወስዶ፣ የጻፈውን በአንድ መስመር ሰረዘና በላዩ "ምክትል አስር አለቃ" ብሎ ጻፈበት፤ ፈረመበትም። ሬይ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። መልሶ አደረገውና እንደገና አነበበው።